ብስክሌት ብንወድ ምን አለበት?

(የማኅበራችን የብስክሌት ቡድን አባላት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ መድረኩ የተሰጠን የብስክሌት ቡድን አባላት ነን። ሥራችን የተለያየ ነው፤ እንጀራ የምንጋግር አለን፣ ጉልት የምንቸረችር አለን፣ ተማሪም ጡረተኛም አለን። አንድ ያደረገን ጎማ ያለውን ነገር ሁሉ መውደዳችን ነው። ብስክሌት ሲያልፍ ዞር ብለን እናያለን። የሞተር ድምፅ ስንሰማ «ይሄ ዘይት አልተቀየረለትም» እያልን እንከራከራለን። ላንድክሩዘር ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሌላው ሰው ልብሱ እንዳይረጭ ሲሸሽ፣ እኛ የትኛው ጎማ ዞሮ የትኛው እንደቆመ ለማየት እንጠጋለን።

ይህን ስንናገር የሚጠብቀን ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን ይጠቅማችኋል?» ወንድ ልጅ ስለ ሞተር ሲያወራ ቢውል «ይሄ ልጅ መካኒክ ይወጣዋል» ይባላል። እኅቱ ብታወራ ግን ጥቅሙን በብር ቆጥራ እንድታስረዳ ትጠየቃለች። ጥቅሙን እንነግራችኋለን፤ ሒሳቡንም ይዘን መጥተናል። አስቀድመን ግን ስለ ፍቅሩ እንናገር፤ በእኛ እምነት ጥቅሙ የሚመጣው ከፍቅሩ ነውና። የማይወደድ መሣሪያ አይታወቅም። የማይታወቅ አይጠገንም። የማይጠገን ደግሞ መጋዘን ውስጥ ዝጎ ይቀራል።

ይህ ፍቅር ለሴት አዲስ አይደለም። በመኪና ታሪክ የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ ያደረገችው ሴት ናት። ቤርታ ቤንዝ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ባሏ ካርል ቤንዝ የሠራውን ባለሦስት ጎማ መኪና ለእሱ ሳትነግረው አስነስታ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ በጀርመን ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ነዳች። መንገዱ 106 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ነዳጁን የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የኤሌክትሪክ ገመዱ ሲላጥ በካልሲዋ ማሰሪያ ጠቀለለችው። ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሠሪ ዘንድ ገብታ ቆዳ አስመታችለት። እኛን የሚያስደንቀን መንዳቷ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶባት ሦስት ጊዜ መፍትሔውን ማወቋ ነው።

ብስክሌትም እንደዚሁ ነው። ከፊት ትልቅ ከኋላ ትንሽ ጎማ ያለው የጥንቱ ብስክሌት ከፍታው ለአደጋ የሚዳርግ፣ በረጅም ቀሚስም የማይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱን ጎማዎች ተቀራራቢ አድርጎ የኋላውን በሰንሰለት የሚያዞር ብስክሌት ሠራ። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ አወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ብስክሌት ላይ ወጡ። ተከራካሪው ብዙ ነበር። አንዳንዱ ሐኪም «ፊቷን ያበላሸዋል» አለ፤ ሌላው «ምግባሯን» አለ። በመጨረሻ ግን የተለወጠው ብስክሌቱ ሳይሆን ልብሱ ነው፤ ቀሚሱ አጠረ፣ ሱሪ መሰል ልብስም መጣ።

በሞተር ደግሞ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶችን እናንሣ። ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1934 ከለንደን ተነሥተው፣ የሰሃራን በረሃ አቋርጠው፣ በሐምሌ 1935 ኬፕታውን ገቡ። የሄዱበት 600 ሲሲ የሆነ ፓንተር ሞተር ብስክሌት ነበር፤ ከጎኑ መቀመጫ ከኋላው ተጎታች ተቀጥሎለታል። በዚያ ዘመን በሰሃራ ውስጥ ጋራዥ አይጠበቅም። መፍቻ መያዝ የማያውቅ ሰው ያንን መንገድ አይጨርሰውም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ጋራዥ ገብታችሁ የምትሰሙት ቋንቋ የማን ነው? ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ወራሪው ወጣ፣ መፍቻው ቀረ፤ ባለሙያዎቻችንም ስሙን ከነዕቃው የራሳቸው አደረጉት። ታዲያ ያ ቋንቋ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድ ጌታ ወደ ወንድ ረዳት ነበር። እኛ ካቻቪቴ የሚለውን ቃል እናውቀዋለን፤ የሚያቀብለን ሰው ግን አልነበረም።

በስፖርቱም እንይ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር። ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል አራት ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው፤ ስለዚህ ብስክሌት ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። የዚያ ቡድን ስፖርተኞች ሁሉ ወንዶች ነበሩ። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ በትግራዩ ጦርነት ምክንያት የተሰደደችው እየሩ ተስፎም ገብሩ በፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ብስክሌት ጋለበች። ያቺ ልጅ ብዙ ነገር ትታ ሄዳለች። ብስክሌቱን ግን አልተወችውም።

አሁን ስለ አሠራሩ ትንሽ እንንገራችሁ፤ ፍቅራችን የሚጀምረው እዚህ ነውና። የብስክሌት ማርሽ ምሥጢር የለውም። ከፔዳሉ ጋር ያለው ጥርስ 42 ነው እንበል፤ ከኋላ ጎማው ጋር ያለው 14። 42 ለ14 ሲካፈል 3 ይሆናል። እግራችን አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ በአንድ ዙር ፔዳል 6 ሜትር ከ30 ሄድን። ሜዳ ላይ ይህ ደስ ይላል። ዳገት ሲመጣ ግን ጉልበት ያንሳል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱን ከኋላ ወደ 28 ጥርስ እናዛውረዋለን። 42 ለ28 አንድ ተኩል ነው፤ በአንድ ዙር የምንሄደው 3 ሜትር ከ15 ብቻ ነው፤ ግን እግራችን ይቀለዋል። ርቀት ሰጥተን ጉልበት ገዛን። ገበያ የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም።

ይኸው ሒሳብ ላንድክሩዘሩም ውስጥ አለ። ሾፌሩ ጭቃው ፊት ቆሞ አጭሯን ማንሻ ሲስብ ያደረገው ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ ጥርስ ማዛወር ነው፤ ፍጥነት ይሰጣል፣ ጉልበት ይቀበላል። ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ አንዳንዴ ይቀራል? በአክሱሉ መካከል ያለው ዲፈረንሻል በኩርባ ላይ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የተሠራ ነው። አንዱ ጎማ የሚያዳልጥ ጭቃ ላይ ሲያርፍ እሱ ብቻ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ደረቅ ላይ ያለው ይቆማል። መቆለፊያ ያለው መኪና ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ የሌለው ድንጋይና ቅጠል ይለመንለታል። የቶዮታ 70 የሚባለው ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እስካሁን የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠንካራ ሻንሲ አለው፣ ለመፍታትና ለመግጠም የተመቸ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን ከኋላ ወንበሩ ነው። ለክትባት ዘመቻ፣ ለስብሰባ፣ ለእርዳታ ሥራ ጭነውን ሄደዋል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ግን «እናንተ ጥላ ሥር ዕረፉ» እንባላለን።

አሁን ወደ ጥቅሙ። ከተማችን ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። ከቤቷ እስከ ገበያ 6 ኪሎ ሜትር የምትሄድ እኅት በእግሯ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትራመድ 72 ደቂቃ ይፈጅባታል። በብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቀስ ብላ ብትነዳ 24 ደቂቃ ነው። ደርሶ መልስ በቀን 96 ደቂቃ ታተርፋለች። በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠራ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ይህ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ነው እኅቶቼ፤ ያውም ሸክሙ ከጀርባዋ ወርዶ ከኋላ ኮርቻው ላይ ታስሮ።

ሆኖም በብድር መመሪያችን በግ ማድለብ ይፈቀዳል፣ ዶሮ ይፈቀዳል፣ በርበሬ መነገድ ይፈቀዳል። ብስክሌት ግን «የግል መገልገያ» ተብሎ ስለተመደበ አይፈቀድም። በጉ ሥራ ከሆነ፣ የበጉን መኖ የሚያመጣው ብስክሌት እንዴት ቅንጦት ይሆናል?

ስለሚያስፈራን ነገርም ሳንሸፋፍን እንናገር። «ሴት ልጅ ብስክሌት ብትነዳ ክብረ ንጽሕናዋን ታጣለች» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ በዚህ ምክንያት የተከለከሉ ልጆችም በመካከላችን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሕክምናዊ መሠረት የሌለው ስለሆነ እንዲቆም ጠይቋል። አካልን በማየት የሴት ልጅን ታሪክ ማንበብ አይቻልም። እናቶች ሆይ፣ በዚህ ፍርሃት ልጆቻችሁን ከኮርቻ አታውርዱ። የሚፈራ ነገር ከፈለጋችሁ የሚፈራው መንገዱ ነው፤ ያለ መብራት ማታ መንዳት፣ ያለ ሄልሜት ሞተር ላይ መውጣት፣ ነጠላን ሳይሰበስቡ ሰንሰለት አጠገብ መልቀቅ። ለእነዚህ መፍትሔ አለ፤ ነጠላውን ወገብ ላይ ማሰር፣ የሰንሰለት መሸፈኛ ማስገጠም፣ መብራት መግዛት።

መንገድ ላይ የሚወረወርብን ቃልም አለ። አንዲት ብቻዋን ስትነዳ ይሰደባል፣ ይሳቃል። አምስት ሆነን ስናልፍ ግን ዝም ይባላል። ስለዚህ እስክንለመድ ድረስ አብረን እንነዳለን።

እንግዲህ ልመናችን ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ለደጋፊዎቻችን ነው። ብስክሌት ልትሰጡን የምታስቡ አላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ከብስክሌቱ በፊት መሣሪያውን ስጡን። አንድ ሙሉ የመፍቻ ስብስብ፣ የቆመ የእግር ፓምፕ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና የፍሬን ሽቦ፤ በተጨማሪም ለሦስት ወር የሚያስተምረን አንድ ባለሙያ። ዐሥር ብስክሌት ያለ መፍቻ ብትሰጡን ከዓመት በኋላ ዐሥር የዛገ ብረት ይሆናል። ይህንን በሌላ ቦታ አይተነዋል፤ መቀመጫቸው እንኳ ያልቆሸሸ፣ ጎማቸው ተንፍሶ የቀሩ ብስክሌቶች። የጎደለው ገንዘብ አልነበረም፤ የሚወዳቸውና የሚያውቃቸው ሰው ነው።

ሁለተኛው ለእናንተ ለአባላቱ ነው። ብስክሌት ከ«የግል መገልገያ» ወጥቶ ከሥራ መሣሪያ ጋር እንዲመደብ ድምፅ ስጡን። ብድሩን የምትወስደው እኅት አስቀድማ ጎማ ነቅላ መለጠፍና ሰንሰለት ማጽዳት እንድትማር ግዴታ ይሁንባት፤ በዚህ እኛም እንስማማለን። ብድር የማትፈልግ ደግሞ ከእኛ ጋር እቁብ ትግባ፤ በየወሩ ዕጣ የወጣላት ብስክሌቷን ትገዛለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ለአንዲት ሴት የከበደው ዋጋ ለሃያ ሴቶች አይከብድም።

አንድ ቀን ከመካከላችን ጎሚስታ የምትሆን፣ ሞተር የምትፈታ፣ የላንድክሩዘሩን መሪ የምትይዝ ትወጣ ይሆናል። ባትወጣም ፍቅራችን ከንቱ አይሆንም። ነፋስ ፊቷን ሲመታት፣ ጣና በአንድ ጎኗ፣ የራሷ ጉልበት እየወሰዳት የምትሄድ ሴት ደስታዋን ለማንም በብር ቆጥራ ማስረዳት የለባትም።

ድምፅ አሰጣጡ ከሻይ በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድሞ አዳራሹ ጓሮ ሁለት ብስክሌቶች አቁመናል፤ አንደኛው ደህና ነው፣ ሌላኛው ጎማው ተበስቷል። የፈለገች ደህናውን ትሞክር፤ የደፈረች የተበሳውን ትለጥፍ።