ልጃችን አንትሮፖሎጂ ልማር ብላለች፤ ምን እንበላት?

(በሬዲዮ ፕሮግራም የተላለፈ ንግግር)

  

የዛሬው ርእሳችን ከአሪቻ ከመጣ ጥያቄ የተነሣ ነው። አሪቻ በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኝ፣ በቡናዋ ስሟ ባሕር የተሻገረ ቀበሌ ናት። ጠያቂው ቡና አምራች አባት ናቸው። ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች፤ አሁን በአንትሮፖሎጂ ማስተርስ መቀጠል ትፈልጋለች። ከአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲም «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ደርሷታል። ጉዳዩን የያዘላት ደላላ ለማስፈጸሚያ ብዙ ገንዘብ ጠይቋል። አባትየው ማሳቸውን ለዓመታት በኮንትራት ሰጥተው፣ የዘንድሮውንም ቡና ገና በዛፉ ላይ እያለ ለነጋዴ ሸጠው ሊከፍሉ አስበዋል። «ላድርገው ወይስ ልተወው? ትምህርቱስ ለእኛ ይሆናል ወይ?» ይላሉ።

ከኋለኛው ልጀምር። አንትሮፖሎጂ ሲባል ብዙ ወላጅ የሚታየው የሉሲ አጥንት ነው። እውነት ነው፣ ስለ ሰው አካልና አመጣጥ የሚያጠና ቅርንጫፍ አለው። አሜሪካኖቹ ትምህርቱን በአራት ይከፍሉታል፤ ባህልን የሚያጠናው አንድ፣ የሰውን አካል የሚያጠናው ሁለት፣ አርኪዮሎጂ ሦስት፣ ቋንቋን የሚያጠናው አራት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የሚሰጠው ግን ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የሚባለው ነው። ይህ ከሕዝብ ጋር ተቀምጦ፣ ቋንቋውን ተናግሮ፣ እንዴት እንደሚጋባ፣ እንዴት እንደሚታረቅ፣ መሬቱን እንዴት እንደሚካፈል፣ ሙታኑን እንዴት እንደሚቀብር አይቶ መጻፍ ነው። አል-ቢሩኒ ከሺህ ዓመት በፊት ሳንስክሪት ተምሮ ስለ ሕንድ ሕዝቦች እምነትና ልማድ የጻፈው ከዚህ የራቀ አይደለም። በማያምንበት ሃይማኖት ላይ ሳያላግጥና ሳይዋሽ ነው የጻፈው። ስለዚህ ትምህርቱ ባዕድ ነው የሚለውን እንተወው። ተማሪዋ የማትስማማበት ንድፈ ሐሳብ ያጋጥማታል፤ በሕግም በሥነ ልቦናም ክፍል ያጋጥማታል።

ደግሞ እኛ ካልጻፍን ሌላው ይጽፍልናል። በ1934 እና 35 እ.ኤ.አ. አዶልፍ የንሰን የመሩት የጀርመን ቡድን ወደ ደቡብ መጥቶ ጌዴኦን ያኔ በሚጠራበት «ደራሳ» በሚለው ስም አጥንቶ፣ በ1936 መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ማወቅ የፈለገ ሰው ጀርመንኛ ይማራል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ እንሰቱና ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ሥር አብረው የሚበቅሉበት የአባቶቻችን እርሻ ለዓለም ተነገረ። ከዚያ በፊት ግን ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ዋገኒንገን ላይ የዶክትሬት ሥራቸውን በዚሁ በጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ላይ ሠርተው ነበር። ዓለም የሚያዳምጠው እንዲህ የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው። ስለ ሙስሊሙ ታሪክም እንደዚሁ፤ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ተምረው በ1985 እ.ኤ.አ. ዶክትሬታቸውን ባይዙ፣ በ2001ም ስለ ወሎ ዑለማዎች መጽሐፋቸውን ባያሳትሙ፣ የዚያ ዘመን ሸኾች ሥራ በየመስጊዱና በየዛዊያው በቃል ብቻ ይቀር ነበር። እርሳቸው የታሪክ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ወላጆች ሆይ! ይህን ልብ በሉ። ቅበላ ሌላ ነው፣ ስኮላርሺፕ ሌላ ነው። «ተቀብለንሻል» የሚለው ደብዳቤ «ክፈይና ነይ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው። ደብዳቤው ላይ የትምህርት ክፍያው በማን እንደሚሸፈን፣ ለኑሮ በወር ስንት እንደሚሰጥ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ ስኮላርሺፕ የለም። ጀርመንን ብንወስድ፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ሆኖም የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ክፍያ በሌለበትም ቢሆን ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ቪዛ ሲጠይቅ የዓመት ቀለቡን በዝግ ሒሳብ ማሳየት አለበት፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ በኋላ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ይህም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። የአሪቻ ማሳ ስንት ዓመት በኮንትራት ቢሰጥ ነው ይህን የሚያወጣው?

ስለዚህ ለጠያቂያችን መልሴ አጭር ነው፤ አይስጡት። ማሳው የታናናሾቿም ቀለብ ነው። ቡናውንም በዛፉ ላይ መሸጥን በተመለከተ፣ ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ መሸጥን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። አራጣም ያው ሐራም ነው፤ ለዕውቀት ነው ቢባልም ወለዱ ወለድ ነው። ደላላውን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ገንዘቡ ለዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ለአንተ?» ይበሉት። የታወቁት ስኮላርሺፖች ለማመልከቻ ገንዘብ አይቀበሉም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻው በነጻ ነው፤ የእንግሊዙ ቺቭኒንግም እንዲሁ።

ታዲያ ልጅቷ ትቅር ማለት ነው? አይደለም። መንገዱን ትቀይረው።

ቱርክን ካነሣሁ ልጨርሰው። ለማስተርስ ዕድሜ ከ30፣ ለዶክትሬት ከ35 በታች መሆን ያስፈልጋል፤ ውጤትም ከመቶ 75 በላይ። ቋንቋውን አንድ ዓመት ያስተምራሉ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ወርሐዊ ገንዘብ ይሰጣሉ። ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም ለሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስን። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም በተለያዩ አገሮች የሚያስተምር ሲሆን፣ ስኮላርሺፑን ላገኘ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። ማሌዥያ ያለው ዓለም አቀፍ እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ ክፍል አለው፤ ግን ክፍያ አለውና የሚሸፍን ሳይገኝ አይኬድም። የኢስላሚክ ዴቨሎፕመንት ባንክም ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ባልሆኑ አገሮች ላሉ ሙስሊሞች የሚሰጠው እርዳታ አለ። ለተማሪው ቀርዱን ሐሰን፣ ማለትም ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ተማሪው ሠርቶ ሲመልስ ለሌላው ልጅ መማሪያ ይሆናል። ለዓመታት ይበልጥ ያዘነበለው ወደ ሕክምናና ኢንጂነሪንግ ስለነበር ለአንትሮፖሎጂ ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ። እኔ እንኳ ይህን አሠራር የከተማችን ነጋዴዎች በትንሹ ቢጀምሩት እወዳለሁ።

አንድ የቆየ ወሬ ላርም። «ኖርዌይ በነጻ ነው» የሚል አሁንም አለ። ነበር። አሰበ ረጋሳ ስለ ጉጂና ጌዴኦ ግንኙነት የማስተርስ ጥናቱን በ2007 እ.ኤ.አ. ትሮምሶ ላይ ሲሠራ፣ ኖርዌይ ክፍያ አታስከፍልም ነበር፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡም የኮታ ስኮላርሺፕ ነበራት። የኮታው ፕሮግራም በ2016 ተዘጋ፤ ከ2023 መጸው ጀምሮም ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ ይከፍላል። ስዊድን ከ2011፣ ፊንላንድ ከ2017 ጀምሮ ያስከፍላሉ። ሱዳንም እንዲሁ፤ ልጆቻችን ይማሩበት የነበረው ካርቱም በሚያዝያ 2023 ጦርነት ውስጥ ገባ። የአምስት ዓመት ምክር ይዞ መሄድ አይበጅም።

አሜሪካ ለየት ትላለች። እዚያ ማስተርስ በአብዛኛው በራስ ገንዘብ ነው፤ ዶክትሬት ግን ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ክፍያውን ይቅር ብሎ፣ ተማሪው የመምህር ረዳት ሆኖ እየሠራ፣ ለኑሮ ይሰጠዋል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከትም ይቻላል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ማመልከቻው ገንዘብ ያስከፍላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለማይችል ይተዉታል፣ አስቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ብቻ ነው። በ2025 አንዳንዶቹ የዶክትሬት ቅበላቸውን ቀንሰዋል፣ ለአንድ ዓመት ያቆሙም አሉ። ስለዚህ ከማመልከቷ በፊት ክፍሉ በዚያ ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ታጣራ። ዶክትሬት ከገባች በኋላ ለመስክ ጥናት ዌነር ግሬን የሚባለው ድርጅት የየትም አገር ዜጋ ሳይል እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የእኔ ምክር ማስተርሱን አገር ቤት ትጨርስ የሚል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ማስተርስ የቆየ ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ለዚህ ትምህርት ውጭ አገር የማይገኝ ሀብት ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲም በደጇ ነው። የአገር በቀል ዕውቀት ጥናት ተቋም አለው፤ መምህራኑን ሄዳ ታነጋግር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ድኅረ ምረቃ ለመግባት የትምህርት ሚኒስቴርን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነውና ለእርሱ ትዘጋጅ። ለሴት ልጅም ይህ መንገድ ይቀላል። ያለ መሕረም መጓዝን አብዛኞቹ ፉቀሃእ ይከለክላሉ፤ ከዘመናችን ዑለማዎች መንገዱና ማረፊያው ሰላም ሲሆን የፈቀዱ አሉ። ቤተሰቡ ከሚያምነው ዓሊም ጋር ይምከርበት፤ በደላላ አፍ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ ስም አትከተል፤ ሰው ትከተል። በዚህ ትምህርት ከሕንጻው ይልቅ የሚመራሽ መምህር ይበልጣል። በመድረሳም «ከየትኛው ሸኽ ቀራህ?» ነው የሚባለው፤ ያው ነው። ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚጽፉ፣ ወይም ስለ ቡና፣ ስለ እርቅ፣ ስለ ሙስሊሞች ኑሮ የሚጽፉ እነማን እንደሆኑ ትፈልግ፤ ከጽሑፎቻቸው አንድ ሁለቱን ታንብብ፤ ከዚያ አጭር ኢሜይል ትጻፍ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ፣ እባክዎ ይርዱኝ» የሚል ልመና አይሁን። ማን እንደሆነች፣ ምን ማጥናት እንደምትፈልግ፣ ለምን እርሳቸውን እንደመረጠች በሁለት አንቀጽ ይበቃል። ካልመለሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ታስታውሳቸው። ከአስሩ ሁለቱ ከመለሱ መልካም ነው።

ምን ታጥና? ይህ ነው የአሪቻ ልጅ ከሌላው የምትበልጥበት። «ባህልን ማጥናት እወዳለሁ» የሚል ማመልከቻ በሺህ ይመጣል። በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ስለሚሠሩት ሴቶች፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ቡና ሲለቅሙ ስለሚያወሩት፣ የቀን ሒሳባቸው ቤት ሲደርስ ማን እጅ እንደሚገባ የምታውቅ ግን ስንት ናት? በ2018 እ.ኤ.አ. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ሽማግሌዎች ጎንዶሮ በሚባለው ሥርዓት ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ ያ እርቅ ዛሬ ምን ያህል ይይዛል? በሶንጎ ላይ ተቀምጠው የሚፈርዱትን ሽማግሌዎች ጌዴኡፋ ችላ መጠየቅ የምትችል ልጅ ሀብታም ናት። ማመልከቻዋ ላይ ይህንኑ ትጻፍ።

ወረቀቱን በተመለከተ ከአሁኑ መሯሯጥ ያስፈልጋል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። ዕዳው ሳይጠራ የሚሰጠው ቴምፖራሪው ነው፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ በቀላሉ አይወጣም። ስንቱ ልጅ ስኮላርሺፑ ተገኝቶለት በዚህ ወረቀት ቀኑ አልፎበታል! ቤተሰብ ገንዘብ ማውጣት ካለበት እዚህ ላይ ያውጣ። ፓስፖርትም ቅበላ እስኪመጣ አይጠበቅም። የእንግሊዝኛ ፈተናው ውድ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቷ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበላሉና መጀመሪያ ይህን ትጠይቅ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላትን መምህራን ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት አታስጨንቃቸው፤ ሁለት ወር አስቀድማ፣ የጻፈችውን ይዛላቸው ትሂድ።

አንድ ነገር ለአባትና ለእናት ልጨምር። ቺቭኒንግ በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ አሜሪካኖቹ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ቱርክ ጥርና የካቲት ላይ ናቸው። ከዚህ ከፊሉ በአሪቻ ቀይ ቡና የሚለቀምበት፣ ሰው ሁሉ ማሳ የሚውልበት ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ከለቀማው ስትመለስ ውኃውም ምጣዱም ይጠብቃታል። በሳምንት ሁለት ቀን ዲላ ወርዳ ኮምፒዩተር ላይ እንድትቀመጥ ፍቀዱላት፤ የመኪናውንም ስጧት። በእነዚያ ሁለት ቀናት የእርሷን ድርሻ ወንድሞቿ ይልቀሙ።