«ጥላው ሄደች» ሲባል መልሳችን ምን ይሁን?

(በእሑድ ጉባኤ ላይ ለእኅቶች የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው ልጅ አገር ቤት ትተን ለመጣን፣ በልጁም ጉዳይ ከአባቱ ጋር ለተካሰስን ወይም ልንካሰስ ለምናስብ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ እንደናንተው እዚህ ቤይሩት ሰው ቤት የምሠራ ነኝ። ለራሴ ልጅ ጉዳይ ስል ጠይቄ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

በልጅ ክርክር ዳኛው በዋናነት የሚያየው ማን የበለጠ ተበደለ የሚለውን አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 113 የወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹም ዕድሜና ጥቅም እንዲታይ ያዝዛል። ይህ ሕግ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። አማራና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የየክልላችሁን ጠይቁ።

በእኛ ላይ የሚነሳው ነገር የታወቀ ነው፤ «ልጁን ጥላው ሄደች» ይባላል። ይህን በለቅሶ ብቻ አንመልሰውም። ማስረጃ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የላክነው ገንዘብ። የሐዋላ ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል፤ ዓመት ሳይሞላው ነጭ ወረቀት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት፣ ኮፒም አድርጉት። በጓደኛ ወይም በማዳም ስም የላካችሁት ካለ በማን ስም እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፉ። በሰው እጅ የላካችሁትንም ማን እንዳደረሰ፣ ማን እንደተቀበለ መዝግቡ። የፈረንጁንና የእኛን ቀን ጎን ለጎን አድርጉ፤ እዚያ ያለው ዳኛ የሚቆጥረው በእኛ ነው። በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት መተርጎም አለበት።

ያልላክንበት ወርም ካለ አንደብቀው። በፈረንጆቹ 2019 የሊባኖስ ገንዘብ መውደቅ ከጀመረ በኋላ ስንቶቻችን ያለ ደመወዝ እንደሠራን እናውቃለን። ምክንያቱን ቀድመን ከተናገርን ማስረዳት ነው፤ ሌላው ሲያወጣብን ግን ጥፋት ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ብቻ እናት አያሰኝም። ከልጁ ጋር መቼ መቼ ትነጋገሩ ነበር? የትምህርት ቤቱን ነገር ማን ይከታተል ነበር? ስልክ ስለሚበላሽ መልእክቱን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ምስክር ስትመርጡ ደግሞ በዓይኑ ያየውን ፈልጉ፤ ጎረቤት ወይም አስተማሪ ሊሆን ይችላል። «ጥሩ ሴት ናት» የሚል አሥር ሰው፣ «በየሳምንቱ ስትደውል እሰማ ነበር» የሚል አንድ ሰውን አያክልም። የሰነዱና የምስክሩ ዝርዝር ከክሱ ጋር ይያያዛል፤ በኋላ ላምጣ ማለት ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ልጁ ቢሰጥሽ የት ያድራል? ማን ያበላዋል? የምትመለሺው መቼ ነው? እናቴ ጋር ይሁን ካልሽ እናትሽ አቅም አላት ወይ? ለዚህ መልስ ሳይኖረን ብንከራከር ደረሰኝ ብቻውን አያድነንም። ልጁን ማሳደግ ለአባቱ ቢወሰን እንኳ መጠየቅና መጎብኘት መብታችን ስለሆነ እሱንም አብረን እንጠይቅ። ነገሩ ሲለወጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ማመልከትም ይቻላል።

አራተኛ፣ ውክልና። በቆንስላችን ተሠርቶ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ገንዘብ ለመቀበል ብቻ የሰጣችሁት ውክልና ለክርክር አይሆንም፤ ስለ ልጁ ፍርድ ቤት ቆሞ እንዲከራከር ተብሎ ይጻፍ። ፓስፖርታችን ማዳም ጋር ከሆነ፣ የሥራ ቀን ፈቃድም ስለሚያስፈልግ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ እንጠይቅ። ለጠበቃ የሚከፍል ከሌለ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሄዶ ይጠይቅ።

በመጨረሻ፣ እኅቶቼ፣ ልጁን በስልክ «አባትህ እንዲህ ነው፤ ለዳኛው እንዲህ በል» አንበለው። ክርክሩ የእኛ ነው፤ ልጁ ግን የሁለታችን ነው። ስንደውል ምን በላህ፣ ምን ተማርክ እንበለው።

ዛሬ ማታ ሻንጣችሁን ፈትሹ። ያገኛችሁትን ደረሰኝ በሚመጣው እሑድ ይዛችሁ ኑ፤ ማንበብ ለሚያስቸግራት እያነበብን በየቀኑ አብረን እንደረድረዋለን።