ተመሳሳይ ወፎችን በላባቸው ስለ መለየት
(በትምህርት ቤታችን የዓመት በዓል ቀን ከተፈጥሮ ጥናት ክበብ የቀረበ ንግግር)



ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ብዙ ወፎች ከሰሜን ወደ አገራችን ይመጣሉ። ከእነዚህም ውስጥ ዊሎ ዋርብለርና ቺፍቻፍ የሚባሉት ሁለቱ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ክብደታቸው ከ10 ግራም እምብዛም አያልፍም፤ ጀርባቸውም የወይራ ቅጠል መልክ አለው።

ጊልበርት ዋይት የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ እነዚህ ወፎች ልዩ ልዩ ዘር መሆናቸውን በ1768 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጽፏል። የለያቸውም ድምፃቸውን በማዳመጥ ነበር። ነገር ግን ወፉ ዝም ቢል ምን እናደርጋለን? ላባውን እንመረምራለን።

አንደኛ፤ ክንፉ ታጥፎ ሳለ አልፎ የሚወጣው ጫፍ በዊሎ ዋርብለር ረዥም፤ በቺፍቻፍ አጭር ነው። ምክንያቱም ዊሎ ዋርብለር እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስ ስለሚጓዝ ነው። ሁለተኛ፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ነጣ ያለ መስመር በዊሎ ዋርብለር ረዘም ብሎ ይታያል። ሦስተኛ፤ የቺፍቻፍ እግር ጥቁር ሲሆን የዊሎ ዋርብለር ብዙውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ሆኖም እግሩ የጠቆረ ዊሎ ዋርብለርም ስለማይጠፋ በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም።

ዕድሜንስ? በመስከረም ገደማ የመጀመሪያ ዓመቱን ያልጨረሰ ዊሎ ዋርብለር ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ቢጫ ነው፤ የትልቁ ሆድ ግን ነጣ ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ወፍ ላባውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በተፈለፈለበት አገር፣ አንዴም በአፍሪቃ፣ ፈጽሞ ይለውጣል። ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ሲመለስ ትንሹም ትልቁም አዲስ ልብስ ለብሰዋልና ዕድሜአቸው በላባ አይለይም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ከ1980ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ በእንግሊዝ አገር የዊሎ ዋርብለር ቁጥር እጅግ ቀንሷል፤ የቺፍቻፍ ግን ጨምሯል። ቆጣሪዎቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ቢጽፏቸው ኖሮ የአንዱ መብዛት የሌላውን መጥፋት በሸፈነው ነበር። ወጣቱም ከትልቁ ካልተለየ፣ ጫጩቶቹ ማደጋቸውን በምን እናውቃለን?

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢያችን ዛፎች ውጡ። ያያችሁትን ጻፉ፤ ያልለያችሁትንም «አልለየንም» ብላችሁ ጻፉ። ከተሳሳተ ስም ባዶ መስመር ይሻላልና።