ከስክሪኑ ግርጌ ስለ ተሰወረው የባትሪ ምልክት

አንደኛው አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ላፕቶፕ ያለው ሰው፣ ከስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ይታይ የነበረው የባትሪ ምልክት ድንገት ቢሰወርበት፣ የቀረውን ኃይል መጠን ሳያውቅ ይሠራልና፣ የደከመበት ጽሑፍ ሳይቀመጥ ማሽኑ ሊጠፋበት ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩን አቅልሎ ማየት አግባብ አይመስለኝም።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ። አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ግን፣ የተሰወረው ምልክቱ ብቻ እንደ ሆነ፣ ወይስ ማሽኑ የባትሪውን ህላዌ ራሱን ማወቅ ተስኖት እንደ ሆነ ነው። ለፊተኛው፣ በሴቲንግስ ውስጥ የታስክባርን ክፍል ከፍቶ፣ ከሲስተም ምልክቶች ዝርዝር «ፓወር» የሚለውን ማብራት ይበቃል።

አንደኛው አቅራቢ፦ ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ቢልስ?

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ያን ጊዜ ምክንያቱ ጠለቅ ይላል። ሲስተሙ የባትሪውን ሁኔታ የሚረዳው፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ባወጡት፣ ኤሲፒአይ በተባለው ሥርዓት ነውና፣ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቶ፣ «ባትሪስ» ከሚለው ሥር የኤሲፒአይ ባትሪውን አራግፎ፣ ማሽኑን ዳግመኛ ማስነሣት ይገባል፤ ሲስተሙም ሲነሣ ባትሪውን ፈልጎ ድራይቨሩን በራሱ ይመልሳል።

አንደኛው አቅራቢ፦ ብዙ ሰው ማራገፍ ሲባል ሰነዱ የሚጠፋ መስሎት ይፈራል።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ሰነዱን ከቶ አይነካውም፤ ይህን አበክሬ እናገራለሁ፣ ፍርሃት ብዙዎችን ከቀላል መፍትሔ አርቋልና። ማሽኑ ተነሥቶም ባትሪው «ባትሪስ» ከሚለው ዝርዝር ከታጣ፣ ጉድለቱ በባትሪው ወይም በማያያዣው ሊሆን ስለሚችል፣ ለጠጋኝ ባለሙያ ማሳየት ይሻላል።