ጠመንጃ ለምን ወደ ኋላ ይገፋል?

ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስለሚሰቀለው ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ አሠራሩን ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው።

ስንተኩስ ሰደፉ ትከሻችንን የሚመታው ለምንድን ነው? በግንድ ላይ ቆመን ወደ ፊት ብንዘል ግንዱ ወደ ኋላ ይንከባለላል። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ባሩዱ ሲቃጠል እርሳሱን ወደ ፊት፣ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን የተፈጥሮ ሕግ እንግሊዛዊው ሊቅ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ዓ.ም. በመጽሐፍ አስፍሮታል። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም ያህል ሲሆን፣ ጠመንጃው ግን 4 ኪሎ ያህል ነው። 500 ጊዜ ይከብደዋል ማለት ነው። ስለዚህ እርሳሱ በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ሲበር፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመጣው በሰው እርምጃ ያህል ፍጥነት ነው።

የአባቶቻችን ምንሽር ግፊቱን ሁሉ ለትከሻ ይሰጣል። በክላሽ ውስጥ ግን ሞላ አለ። ከባሩዱ ጭስ ጥቂቱ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ብረቱ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል፤ ሞላውንም ይጨምቃል። ሞላው መልሶ ሲገፋው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። እንቁላል በአለት ላይ ቢወድቅ ይሰበራል፤ በጭድ ላይ ቢወድቅ ይተርፋል። ጭዱ ቀስ አድርጎ ስለሚቀበለው ነው። ሞላውም ለብረቱ እንደ ጭድ ነው።

ሞላው ሲደክም በምን ይታወቃል? ብረቱ ከኋላ በኃይል ይጋጫል፤ ወደ ፊት ሲመለስ ደግሞ እስከ መጨረሻው አይዘጋም። እኛም አንድ ጊዜ የደከመ ሞላ በእጃችን ስበን አስረዘምን። ብልሃት መስሎን ነበር። ጅብ በረታችን በገባ ሌሊት ጥይቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ጥጃችንም ተበላች። የተሳበ ሞላ ጉልበቱ አይመለስም።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። አፈሙዙን ከሰውና ከከብት እናርቅ። በመጀመሪያ ካዝናውን እንንቀል፤ ቀጥሎ ብረቱን ስበን ጥይት አለመቅረቱን በዓይናችን እንይ። ሞላውን አውጥተን ጥላሸቱን በጨርቅ እንጥረግ። ከአዲስ ሞላ ጋር እናስተያየው፤ ካጠረ፣ ከተጣመመ ወይም ዝገት ከበላው ይለወጥ። ቅቤና ሞራ አንቀባ! በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ብርድ ሲነካው ይረጋና ብረቱን ይይዘዋል። የጠመንጃ ዘይት በስሱ ይበቃል። በምንሽር ላይ ደግሞ የሰደፉን እንጨት ስንጥቅና የላላ ብሎን እንፈልግ።

አልዘጋ ያለውን ብረት በድንጋይ እየመታን አንዝጋ። ያልገባ ጥይት ቢፈነዳ ፊት ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ያልገባንን ለሚያውቅ ሰው እናሳይ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ዓይን ግን በገበያ አይገዛም።