የግንባር ሳይነስ ስለ መንጋጋ ዕድገት ምን ይነግረናል?



በመስቀል ፍላወር በሚገኘው የጥርስ ሕክምና ክፍሌ ከሁሉ አብልጦ የሚያስቸግረኝ የእናቶች ጥያቄ ነው። የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጇን ይዛ የመጣች እናት የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው አልፎ መውጣቱን ታሳየኝና፣ «ዶክተር፣ ገና ይጨምራል ወይስ በዚሁ ያበቃል?» ትለኛለች። ዛሬ ብረት አስረን የምናስተካክለውን ጥርስ፣ መንጋጋው ማደጉን ከቀጠለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሶ ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

የራስ ቅልን ከጎን የሚያሳየውን ራጅ ባነሳን ቁጥር ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ምስክር አለ። ይኸውም ከቅንድብ በላይ በግንባር አጥንት ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት፣ የግንባር ሳይነስ ነው። ሕፃን ሲወለድ አይታይም፤ በራጅ መለየት የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ጉርምስና እስኪያበቃ ድረስ ይሰፋል። ሮሶው፣ ሎምባርድና ሃሪስ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሳይነሱ ስፋትና የታችኛው መንጋጋ ዕድገት ዝምድና እንዳላቸው ገልጠዋል። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የዕድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ በሚመነጭበት በአክሮሜጋሊ ሕመም መንጋጋውም ሳይነሱም አብረው ይገዝፋሉ።

ለእኔ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ግን ሩፍና ፓንቸርዝ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነው። በጉርምስና ጊዜ የሳይነሱ ፈጣን ዕድገት ከቁመት ፈጣን ዕድገት በአማካይ 1.4 ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ በጊዜ የተራራቁ ሁለት ፊልሞችን ያነጻጸረ ሐኪም ልጁ በዕድገቱ ጎዳና የት እንደደረሰ ሊገምት ይችላል። ትልቁ ዕድገት አለፈ ማለት ግን ዕድገት ቆመ ማለት አይደለም።

አንድ ፊልም ብቻ አይቶ መፍረድን አልደግፍም። የቀኙና የግራው ሳይነስ እኩል የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው፤ ከጎን በተነሣ ራጅ ደግሞ ሁለቱ ተደራርበው ይታያሉ። ጭራሹን ሳይነስ የሌለው ሰውም አለ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የአንድን ልጅ ጠባብ ሳይነስ አይቼ እናቱን «አይጨምርም» ብያቸው ነበር። ጨመረ።

አሁን የምመልሰው፣ «የልጁን ቁመት በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ምልክት ያድርጉልኝ፤ የዛሬውንም ራጅ አይጣሉት» እያልኩ ነው። ቁርጡን ሊሰሙ የመጡ እናቶች በዚህ መልስ ደስ አይላቸውም።