አሥራ አራት ማሊያ

ከክለብ ክለብ የሚዘዋወር ስፖርተኛ ስናይ «የትም አልበረከተም» ማለት ይቀናናል። የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው ኤድዊን ጃክሰን ግን እንደ ፈረንጆቹ ከ2003 እስከ 2019 በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ለ14 ክለቦች ተሰልፏል፤ የማይፈለግ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲለቀው ሌላው ባልወሰደው ነበር። እርግጥ ነው፣ 107 አሸንፎ 133 ተሸንፏል፤ «ታዲያ ምኑ ይወደሳል?» የሚል አይጠፋም። ሽንፈቱ በወርዋሪው ስም ይመዝገብ እንጂ ጓደኞቹ ነጥብ ካላስቆጠሩለት ብቻውን ሊያሸንፍ አይችልም። ደግሞስ በሰኔ 2010 ለአሪዞና ሲጫወት ያደረገውን እንይ፦ ስምንት ጊዜ ዒላማውን ስቶ ተጋጣሚን በነጻ ወደ ቤዝ አሳልፏል፤ ይሁንና 149 ኳስ ወርውሮ፣ አንድም ንጹሕ ምት ሳያስመታ ጨዋታውን ራሱ ጨረሰ። አሥራ ሰባት የውድድር ዘመን ሥራ ያላጣን ሰው «ያልተሳካለት» ማለት ግፍ ነው።